ጭምብል ያጠለቀው ተከራይ

ለንደን ውስጥ ዙፋኑ ከሴት ወደ ወንድ፣ ከወንድ ወደ ሴት ባለፈ ቁጥር ስሙ የሚቀየር ቴአትር ቤት አለ። ንግሥት ስትነግሥ «ኸር ማጀስቲስ»፣ ንጉሥ ሲነግሥ «ሂዝ ማጀስቲስ» ይባላል። ዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ በ2022 ካረፉ በኋላ፣ ልጃቸው ቻርልስ በ2023 ዘውድ በጫኑበት ሰሞን፣ ሰባ ዓመት ያህል የቆየው ስም ወርዶ ሌላው ወጣ። ከስሙ ሥር ያለው ማስታወቂያ ግን ንቅንቅ አላለም፤ በጥቁር መደብ ላይ አንድ ነጭ ጭምብልና አንዲት ቀይ ጽጌረዳ። «ዘ ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ኦክቶበር 9 ቀን 1986 እዚህ ቤት ተመረቀ፤ እስካሁንም አልወጣም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱ ያለው ሄይማርኬት በሚባለው ጎዳና ላይ ነው፤ ከትራፋልጋር አደባባይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ወስዳ ያሳየችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። ለንደን ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው፤ አረጋውያንን በሚጦር ተቋም ትሠራለች፤ ወደ ሥራ የሚወስዳት አውቶቡስም በዚህ ጎዳና ያልፋል።

«ይኸውልዎ ጋሼ፣ ከመስኮት የማየው ቤት ይሄ ነው» አለችኝ።

«ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ የት ጊዜ አግኝቼ! ደግሞ የእንግዳ ነው ይሉታል፤ የከተማው ሰው ብዙም አይገባበትም።»

እንግዳ ካልመጣበት በቀር በደጁ ያለውን ለማየት የሚነሣ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያን ቀን የእኔ መምጣት ለእርሷም ሰበብ ሆናት። ትኬቱን ቆርጣ የጠበቀችኝ ከላይኛው ፎቅ ነበር፤ «እይታው ባይመች እንኳ ኪስ አይጎዳም» ብላ።

ከመግባታችን በፊት ፊት ለፊት ካለው የእግረኛ መንገድ ቆመን ሕንፃውን አየነው። በነጣ ድንጋይ የተሠራ፣ ዓምድ የበዛበት፣ በአናቱ ላይ ጉልላት የደፋ ቤት ነው። አጠገቡ ደግሞ ከእርሱ ጋር ምንም የማይዛመድ የመስታወትና የሲሚንቶ ፎቅ ቆሟል፤ ኒው ዚላንድ ሃውስ ይባላል። ድሮ በዚያ ቦታ ላይ የነበረው ካርልተን ሆቴል ነው፤ ሆቴሉና ቴአትር ቤቱ በአንድ አርክቴክት፣ በቻርልስ ፊፕስ፣ እንደ ጥንድ የተነደፉ ነበሩ። ሆቴሉን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጎዳው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ። በኒው ዚላንድ ሃውስ ግድግዳ ላይ አንድ ክብ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ የቬትናም አባት ሆ ቺ ሚን በ1913 በዚያ ሆቴል ተቀጥሮ ይሠራ እንደነበር ይናገራል። ወጥ ቤቱን ይመራ የነበረው ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ኤስኮፊዬ ነበር። ከጓሮ ደግሞ ሮያል ኦፔራ አርኬድ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ከ1816 እስከ 1818 የተሠራ ነው። ትንንሽ ሱቆች በአንድ ወገን ተደርድረውበታል፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ክፍተት ነው። ለንደን ውስጥ ካሉት የዚህ ዓይነት መተላለፊያዎች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ እርሱ ሲሆን ከቀድሞው ቴአትር ቤት የተረፈውም እርሱ ብቻ ነው።

የቀድሞው ማለቴ ያለ ነገር አይደለም። አሁን የምናየው ሕንፃ በዚህ መሬት ላይ አራተኛው ነው።

የመጀመሪያው የተከፈተው በ1705 ነው። በዙፋን ላይ የነበሩት ንግሥት አን ስለነበሩ «ኩዊንስ» ተባለ። ያሠራው ጆን ቫንብራ ኮሜዲ ጸሐፊም አርክቴክትም የነበረ ሰው ነው፤ የራሱንና የጓደኞቹን ተውኔት ለማሳየት ነበር ሐሳቡ። ግን አዳራሹ ሲያልቅ ከመጠን በላይ ሰፊና ከፍ ያለ ሆነ፤ ተዋናዩ የሚናገረው ቃል ጣሪያ ሥር እየተበተነ ተመልካቹ ጋ ሳይደርስ ይቀር ጀመር። ለንግግር እንቢ ያለው ቤት ለዘፈን እሺ አለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጣሊያንኛ ኦፔራ ቤት ሆነ። በ1711 ጀርመናዊው ሃንደል ለለንደን የደረሰው የመጀመሪያ ኦፔራ፣ «ሪናልዶ»፣ እዚሁ ታየ። ለአንድ የአትክልት ስፍራ ትዕይንት ድምቀት ሲባል በሕይወት ያሉ ድንቢጦች አዳራሹ ውስጥ ተለቀቁ፤ የዘመኑ ጋዜጠኞችም ይህን ይዘው ሲቀልዱ ከረሙ። ሃንደል ከዚያ በኋላ ከሃያ አምስት በላይ ኦፔራዎቹን መጀመሪያ ያሰማው በዚህ ቤት ነው።

ያ ቤት በ1789 ተቃጠለ። በቦታው ከእርሱ የሚበልጥ ተሠራ፤ የሞዛርት «ኮሲ ፋን ቱቴ»፣ «የፊጋሮ ጋብቻ» እና «ዶን ጆቫኒ» በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለለንደን ሕዝብ የቀረቡት እዚያ ነው። ቬርዲም በ1847 ለዚህ መድረክ አዲስ ኦፔራ ጽፎ መጥቷል። በ1867 ሁለተኛው ቤት ደግሞ በእሳት ጠፋ። ሦስተኛው ተተካ፤ በ1882 የዋግነር አራት ምሽት የሚፈጀው «ሪንግ» በከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየበት፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ነው የዛሬውን ቤት ያቆመው ሰው የመጣው።

ኸርበርት ቢርቦም ትሪ ይባላል። ተዋናይም፣ አዘጋጅም፣ የቴአትር ቤት ባለቤትም የነበረ ሰው ነው። ገንዘቡን ያገኘበት መንገድ ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በ1895 ከዚሁ ጎዳና ማዶ ባለው በሌላው የሄይማርኬት ቴአትር «ትሪልቢ» የሚባል ተውኔት አቀረበ። ታሪኩ ከጆርጅ ዱ ሞሪዬ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ ፓሪስ የምትኖር፣ ዜማ የማታውቅ አንዲት ልጅ አለች፤ ስቬንጋሊ የሚባል አስፈሪ የሙዚቃ ሰው አፍዝዞ ያዘፍናታል፤ አውሮፓ ሁሉ ያጨበጭብላታል፤ እርሱ ከሌለ ግን ድምፅዋም የለም። ትሪ ስቬንጋሊን ሆኖ ተጫወተ፤ ተውኔቱም ገንዘብ ጎረፈለት። ማዶ ያለውን የራሱን ቤት ለማሠራት ያስቻለው ያ ትርፍ ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1897 አራተኛው ቤት ተከፈተ። ፊፕስ የነደፈው መድረክ እንደ ጊዜው ልማድ ወደ ተመልካች ያዘቀዘቀ ሳይሆን ድልድል ያለ ሜዳ ነበር፤ ያኔ አዲስ ነገር ነበር። አርክቴክቱ ቤቱ በተመረቀ በወሩ ግድም ሞተ።

ትሪ ጉልላቱ ሥር ለራሱ ክፍል አሠራ፤ ከትርኢት በኋላ እንግዶቹን እዚያ ያበላ ነበር። በ1904 በዚሁ ቤት የተዋንያን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የንጉሣዊው የድራማ ጥበብ አካዳሚ ከዚያ የወጣ ነው። ሼክስፒርን ሲያዘጋጅ ዕቃ ማብዛት ይወድ ነበር፤ ለ«የበጋ አጋማሽ ሌሊት ሕልም» ጫካው እውነተኛ እንዲመስል በመድረኩ ላይ ሕይወት ያላቸውን ጥንቸሎች ለቀቀ። ከሃንደል ድንቢጦች እስከ ትሪ ጥንቸሎች ሁለት መቶ ዓመት አልፏል፤ ተመልካችን አፍ ማስከፈት የዚህ ቤት የቆየ አመል ነው።

በ1914 ደግሞ የበርናርድ ሾው «ፒግማሊዮን» በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ተጫወተ። ፕሮፌሰር ሂጊንስን የሆነው ራሱ ትሪ ነው። ይህም የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ድምፅ ታሪክ ነው፤ የቋንቋ መምህሩ አበባ ሻጯን አነጋገር አስተምሮ እመቤት ሊያስመስላት ይወራረዳል፤ ሲሳካለት የሠራት እርሱ ይመስለዋል፤ እርሷ ግን የራሷ ሰው መሆኗን ትነግረዋለች።

ስቬንጋሊ፣ ፕሮፌሰር ሂጊንስ፣ ከዚያም በ1986 ፋንተም። ማንም አቅዶ ያደረገው አይመስለኝም። ነገር ግን በሴት ድምፅ ላይ ባለቤትነት የሚያነሣ ወንድ ታሪክ ይህን ቤት ከመሠረቱ ጀምሮ አልለቀቀውም፤ መሠረቱ ራሱ ከእንዲህ ያለ ታሪክ በተገኘ ገንዘብ የተጣለ ነውና።

ወደ ውስጥ ገባን። መግቢያው ላይ ቀይ ምንጣፍ፣ ነሐስ መያዣ፣ መስታወት አለ፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን ጌጡ እየቀነሰ፣ ደረጃው እየጠበበና እየቆመ ሄደ። የእኅቴ ልጅ ከፊቴ ትወጣለች።

«ጋሼ፣ ደከምዎት? ትንሽ እንቁም?»

«ተዪኝ፣ ውጪ። ከቆምኩማ አልነሣም።»

የለንደን የድሮ ቴአትር ቤቶች የተሠሩት ባለጸጋው ከታች፣ ድኻው ከጣሪያ ሥር እንዲቀመጥና ሁለቱ በመንገድ እንዳይገናኙ ተደርጎ ነው። ዛሬ ትኬት ያለው ሁሉ አንድ ትርኢት ያያል፤ ጉልበት ላይ ያለው ልዩነት ግን አልቀረም። ላይ ስንደርስ ወንበሮቹ ገደል ላይ የተደረደሩ ያህል ቁልቁል ናቸው፤ ፊት ለፊታችን መመርኮዣ ብረት አለ፤ የፊተኛው ሰው አናት ከጉልበታችን በታች ነው። አዳራሹ 1,200 ያህል ሰው ይይዛል። ከዚያ ከፍታ ሲታይ ግን የሚያስገርመው ስፋቱ አይደለም፤ ቅርበቱ ነው። ባለሦስት ፎቅ ሰገነቱ ወደ መድረኩ ተጠግቶ ስለታጠፈ የመጨረሻው ወንበር እንኳ የተዋናዩን እጅ ያያል።

ትርኢቱ የሚጀምረው በዝምታና በአቧራ ነው። አሮጌ የኦፔራ ቤት ዕቃ በጨረታ እየተሸጠ ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዋጋ ይሰጣሉ። በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር መሬት ላይ አለ፤ አጫራቹ ከድሮ አደጋ የተረፈው ቻንደለር ነው ይላል። ጨርቁ ይነሣል፤ ብልጭታ ይወጣል፤ ኦርጋኑ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ያን ዜማ ሲለቀው ቻንደለሩ እየበራ ከመድረኩ ተነሥቶ በተመልካቹ አናት ላይ ይወጣል። ከታች ያሉት አንገታቸውን ወደ ላይ ሰበሩ፤ እኛ ግን ከዐይናችን ትይዩ መጥቶ ሲቆም የዶቃዎቹን ሰንሰለት፣ የሚጎትቱትን ሽቦዎች ሳይቀር አየን። ሽቦውን ማየቴ ቅንጣት አላጎደለብኝም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ይወርዳል። አዳራሹ በሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ያን ውድቀት ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሲወርድ ግን የእኅቴ ልጅ ክንዴን ጨመቀችው።

የታሪኩ ሥር ፓሪስ ነው። ጋዜጠኛው ጋስቶን ለሩ ከ1909 እስከ 1910 በ«ለ ጎልዋ» ጋዜጣ በተከታታይ ያወጣው ልብ ወለድ ነበር። በፓሪስ ኦፔራ ቤት፣ በፓሌ ጋርኒዬ፣ ምድር ቤት ውስጥ ፊቱ የተበላሸ የሙዚቃ ሊቅ ተደብቆ ይኖራል፤ ክሪስቲን የምትባለውን ልጅ በግድግዳ በኩል ያስተምራታል፤ ይወዳታል፤ የእኔ ካልሆንሽ ይላል። ለሩ ጋዜጠኛ ስለነበር ፈጠራውን በእውነት ላይ አቆመው። በኦፔራ ቤቱ ሥር በእርግጥም ውሃ አለ፤ ግንበኞቹ መሠረት ሲቆፍሩ የከርሰ ምድር ውሃ ስላስቸገራቸው ትልቅ ጋን መሰል ማጠራቀሚያ ሠርተው ያሰሩት ነው፤ የፓሪስ እሳት አደጋ ሠራተኞች ዛሬም የጠለቃ ልምምድ ያደርጉበታል። በ1896ም የቻንደለሩ ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ተበጥሶ በተመልካች ላይ ወድቆ አንዲት ሴት ገድሏል። ሐይቁና ውድቀቱ፣ ሁለቱም የልብ ወለዱ ምሰሶዎች፣ ከዚህ የመጡ ናቸው።

የሙዚቃዊ ቴአትሩ የዜማ ደራሲ አንድሩ ሎይድ ዌበር የለሩን መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዝቶ ካነበበ በኋላ ዜማውን ሲጽፍ የክሪስቲንን ድምፅ የሰፋው ለዚያን ጊዜ ሚስቱ ለሴራ ብራይትማን ልክ ነው። ግጥሙን ቻርልስ ሃርትና ሪቻርድ ስቲልጎ ጻፉ፤ ሃሮልድ ፕሪንስ አዘጋጀው፤ ካሜሮን ማኪንቶሽ ፕሮዲዩሰሩ ሆነ። ፋንተምን የተጫወተው ማይክል ክሮፎርድ እንግሊዞች በቴሌቪዥን ኮሜዲ ሲያንሸራትተውና ሲጥለው ያውቁት የነበረ ሰው ነው፤ ሲዘፍን ሰምተው ደነገጡ። ትርኢቱ ወደ ኒው ዮርክ ሲሻገር የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ብራይትማን ትመጣለች መባሉን አልወደደም፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ነው የፈቀደው። ባል በሚስቱ ድምፅ ልክ የሰፋው፣ ስለ አንዲት ዘፋኝና ስለ መምህሯ የሚተርክ ሥራ! ከስቬንጋሊ ጀምሮ የመጣው ክር እዚህ ላይ ከመድረክ ወርዶ ወደ ሰዎቹ ቤት ገባ ማለት ይቻላል።

ለእኔ ግን የዚህ ሥራ ዋና ሰው ዲዛይነሯ ማሪያ ቢዮርንሰን ናት። ሁለት መቶ ሠላሳ ያህል ልብስ ነድፋለች፤ ይህ ሥራ ነው። ጥበቧ ግን መድረኩን ባዶና ጥቁር ትታ በመጋረጃ ብቻ ቦታ መፍጠሯ ነው። ከባድ መጋረጃ ይነሣል፤ የቤት ጣሪያ ሆነ። ይወድቃል፤ መቃብር ሆነ። ተመልካቹ የጎደለውን ራሱ እየሞላ ቤተ መንግሥት አየሁ ብሎ ይወጣል። ጭምብሉም የእርሷ ነው። ማስታወቂያው ላይ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭምብል ይታያል፤ መድረክ ላይ ግን ግማሽ ፊት ብቻ ነው፤ አፉን የሸፈነ ሰው መዝፈን አይችልምና። የተጋለጠው ግማሽ ፊት ያዝናል፣ ይለምናል፤ የተሸፈነው ያስፈራል። የተበላሸውን ፊት የሠራው ክሪስቶፈር ተከር «ዘ ኤሌፋንት ማን» በተባለው ፊልም ሜካፕ የታወቀ ሰው ነው።

የጀልባው ትዕይንት መጣ። ጭጋግ ወለሉን ሸፈነው፤ ከጭጋጉ ውስጥ ሻማዎች አንድ በአንድ በቀሉ፤ ጀልባዋ በመካከላቸው ታጥፋ ታጥፋ መጣች። ከላይ ስለነበርን ወለሉን በሙሉ አየነው፤ ውሃ የለም፣ ሐይቅ ነበር። እዚህ ላይ አሮጌው ቤት ራሱ ይተውናል። ከመድረኩ ሥር የትሪ ዘመን የእንጨት ማሽን እስከ ዛሬ አለ፤ ቢዮርንሰን ያን አሮጌ ማሽን ለሐይቁ ትዕይንት የምትጠቀምበትን መንገድ አገኘች። በትሪ ዘመን የተሠራ መሣሪያ ፋንተምን አሻገረ። ትርኢቱ በብዙ አገር በብዙ አዳራሽ ታይቷል፤ ከቤቱ አጥንት ጋር የተሰፋው ግን እዚህ ነው።

ዕረፍት ሲሆን አስተናጋጆች አንገታቸው ላይ ትሪ አንጠልጥለው በትንንሽ ኩባያ አይስክሬም ይሸጣሉ፤ ማንኪያው ክዳኑ ውስጥ ነው። ይህ የለንደን ቴአትር ሁሉ ወግ ነው። እየበላን የእኅቴ ልጅ «ይቺ ልጅ ግን ዛሬ ስንት ጊዜ ጮኸች! ነገስ ድምፅ ይኖራታል?» አለች። በልምድ የተነገረ ጥያቄ ነው፤ በፈረቃ የሚሠራ ሰው የሌላውን ድካም ያውቃል። መልሱም በፈረቃ ነው። ትርኢቱ በሳምንት ስምንት ጊዜ ይታያል፤ የክሪስቲን ዘፈን ከባድ ስለሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሳምንቱ ትርኢቶች የተወሰኑትን የምትጫወት ሌላ ዘፋኝ አብራ ትመደባለች። ሰው ይለወጣል፤ ቦታው አይለወጥም። በ2021 ትርኢቱ ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ ሲከፈት ክሪስቲንን የሆነችው ሉሲ ሴንት ሉዊስ ናት፤ በለንደን ይህን ቦታ የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ዘፋኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት የፈጀ መጠበቅ ነው፤ የቆየ ሥራ ለአዲስ ሰው በሩን የሚከፍተው ዘግይቶ ነው።

ወረርሽኙ ሌላም ነገር አምጥቷል። በማርች 2020 በሩ ሲዘጋ ትርኢቱ አብቅቷል እስከ መባል ደርሶ ነበር። በጁላይ 2021 ተመለሰ፤ ከመድረኩ በታች ግን 27 የነበረው የሙዚቀኛ ቁጥር 14 ሆኖ ተገኘ። ባለሙያዎቹ አምርረው ተቃወሙ። እኔ ያየሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ድምፁ ሞልቶ ይሰማል፤ ብዙው ተመልካች ልዩነቱን አያውቅም። ይህ ግን ክርክሩን አይዘጋውም። ያልጎደለ የመሰለን የጎደለውን ሰምተን ስለማናውቅ ነው፤ ከሙዚቀኞቹ ግማሽ ያህሉ ደግሞ መተዳደሪያቸውን አጥተዋል። በኒው ዮርክ የነበረው ወንድሙ ደግሞ እስከ ዛሬ አልዘለቀም፤ በ1988 የተከፈተው የብሮድዌይ ትርኢት በኤፕሪል 2023፣ ከ13,981 ጊዜ በኋላ፣ ተዘጋ። የለንደኑ ይኸው ቀጥሏል። የሚቀጥልበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቤቱ የሎይድ ዌበር ኩባንያ ንብረት ነው። አከራዩም ተከራዩም አንድ ሰው ሲሆን ልቀቅ የሚል የለም።

እዚህ ላይ ነው ልቤ ለሁለት የተከፈለው። እኛ አገር የለመድነው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊም ሆነ ሀገር ፍቅር አንድን ተውኔት በሳምንት አንድ ቀን ይሰጡታል፤ የእሑዱ የእሑድ ነው፣ የዓርቡ የዓርብ። ተውኔቱ ዓመት ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ግን በሌሎቹ ቀናት ቤቱን ለሌላ ደራሲ ይለቃል። ገቢው ትንሽ ነው፤ መድረኩ በየቀኑ ስለሚፈርስ ቻንደለር የሚያክል ነገር መስቀል አይታሰብም። ለንደን አንድ ሥራ ሳምንቱን በሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ ማሽን ይተከላል፤ ዓመት ሙሉ የሚቀጠር ሰፊ፣ ሜካፕ ሠራተኛ፣ መብራት ሠራተኛ፣ ሙዚቀኛ ይኖራል፤ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ያየሁት ጥራት የዚያ ፍሬ ነው፤ ማንም በአንድ ዓመት አያደርሰውም።

ዋጋውም አለው። ይህ ቤት ሃንደልን ከሃያ አምስት ጊዜ በላይ አዲስ ነገር ይዞ ሲመጣ ተቀብሏል። ቬርዲንና ሾውን አስተናግዷል። ረጅም ዕድሜም ለእርሱ አዲስ አይደለም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል የገባው «ቹ ቺን ቻው» ከ1916 እስከ 1921 ድረስ 2,238 ጊዜ ታይቶ አርባ ዓመት ግድም ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ይዟል። በ1958 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»፣ በ1967 «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» በዚሁ መድረክ ገብተው በየተራቸው ወጥተዋል። መውጣታቸው ነው ቤቱን ለቀጣዩ ያቆየው። ከ1986 በኋላ ግን እዚህ ቤት የገባ አዲስ ሥራ የለም። ያኔ የተወለደ ጸሐፊ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ለሙያው ከተመቹት የለንደን መድረኮች አንዱ በሕይወቱ ሙሉ ተይዞበታል።

ወጥተን ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ስንሄድ ይህንኑ ለእኅቴ ልጅ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ እኔ ገና ዛሬ ነው ያየሁት፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላኝ ሊያወጡት ነው?» እውነቷን ነው። በየማታው አዳራሹን የሚሞላው ሰው አብዛኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ነው፤ ለእርሱ ትርኢቱ ዛሬ የተጀመረ ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ የሚቆመው በዚህ ነው፤ ሁልጊዜ ገና ያላየ ሰው አለ።

ለንደን ለሚደርስ አንባቢ ምክሬ ይህ ነው። ትርኢቱን እዩት፤ እዚሁ ቤት እዩት፤ ጉልበት ካላችሁ ከላይ ተቀመጡ። መሸት ሳይል ደርሳችሁ ከጓሮ ያለውን መተላለፊያና የኒው ዚላንድ ሃውስን ሰሌዳ ተመልከቱ፤ ማታውን የምታዩት ሥራ በምን ዓይነት አፈር ላይ እንደቆመ ይገባችኋል። ስለ ቤቱ ግን ፍርዴን ልናገር፤ ፋንተም ግሩም ተከራይ ነው፣ ኪራዩንም አጓድሎ አያውቅም፤ ሆኖም ወደ ሦስት መቶ ዓመት አዲስ ድምፅ ሲያሰማ የኖረ መድረክ አርባ ዓመት ለአንድ ሥራ መሰጠት አልነበረበትም።